ሰባ ስምንተኛው ስፕሪንትና የተክለሚካኤል ሳምንታት

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለክቡር አቶ ብርሃነመስቀል፣
የ«ደራሽ» መረዳጃ እድር የቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ ለእድሩ አባላት በሙሉ፣ አፑ ለደረሳቸውም ላልደረሳቸውም

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ ከነባለቤትዎና ከነልጆችዎ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት እናትዎም ጭምር፣ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እናትዎን በስም ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደብዳቤዬ መጨረሻ እመለስባቸዋለሁ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ቢሆኑም ሰብሳቢነት ሥልጣን ነውና አንቱ ማለቴን እንደ ሽሙጥ እንዳይቆጥሩብኝ። ለነገሩ ሽሙጥ ነው።

ለማያውቁኝ አባላት፣ ጌጥነሽ እባላለሁ። ሌክውድ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በተጨማሪ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህ እድር ጠሪ ነበርኩ፤ ሰው ሲሞት ለሁለት መቶ አሥራ አራት አባወራና እማወራ መርዶው የሚደርሰው በእኔ አፍ ነበር። የምጠራውም ሰማያዊ ሽፋን ካለው አንድ ደብተር ላይ እያየሁ ነው። ዛሬ ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ነው። ባለቤቴ ተክለሚካኤል ደግሞ እዚህ ሳሎናችን ውስጥ፣ ሆስፒስ የሚባለው የሕሙማን ማስታመሚያ ድርጅት ባመጣልን አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ ነው። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ እሱ ሳይሄድ ደብተሬ እንዲመለስልኝ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እርስዎ ባይረሱትም፣ ግልባጭ ለሚደርሳቸው ስል ላስታውስ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥቅምት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ በተከራየነው አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል አብርተው እድራችን መርዶ በስልክ የሚያደርስ አፕ እንደሚያስፈልገው አስረዱን። ሥራው በአጃይል ዘዴ እንደሚሠራ፣ ይኸውም በሁለት በሁለት ሳምንት እየተከፈለ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ስፕሪንት እንደሚባል፣ በስድስት ስፕሪንት ማለትም በሦስት ወር ሁሉ ነገር እንደሚያልቅ ነገሩን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ይቆረጥ። ከዚያ ወደ መድረክ ጠርተው በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝና፣ ደብተሩን «ለአንድ ስፕሪንት ብቻ፣ ስሞቹን ለማስገባት» ብለው ተቀበሉኝ። በሁለት እጄ ነው የሰጠሁዎት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ሴትዮዋ እኔ መሆኔን አላወቅኩም።

ይኸው አሁን ሰባ ስምንተኛው ስፕሪንት ላይ ደርሰናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በየሁለት ሳምንቱ የሚልኩልንን ሪፖርት አንድም ሳላስቀር አንብቤአለሁ። የእድሩ አርማ አራት ጊዜ ተቀይሯል። መርዶው ስልክ ላይ ሲደርስ የሚሰማው የኖቲፊኬሽን ድምፅ ዋሽንት ይሁን ደወል ለሚለው ድምፅ ተሰጥቶ፣ ደወል አሸንፎ፣ ይኼም ሁለት ስፕሪንት ወስዷል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሟቹ ስም ከተጠራ በኋላ «አረፉ» ይባል ወይስ «ወደ ጌታ ሄዱ» ይባል በሚለው ላይ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ተፋጦ አራት ስፕሪንት ማለቁ ነው። ኧረ ወዲያ! እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚህ ጉዳይ አንድ ሰው አላስቀየምኩም። ለማን ምን እንደሚባል ደብተሬ ላይ ተጽፏላ።

ሁለተኛ፤ ደብተሩን ልብ ብለው ስላላዩት አመሰግናለሁ፤ ቢያዩት ኖሮ ይደክሙ ነበርና። እዚያ ውስጥ ያለው ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ ሰው ብቻውን ሆኖ አይረዳም፣ መሪ ይዞ አይረዳም፣ መጀመሪያ የት እንዳለና ከማን ጋር እንዳለ ይጠየቃል፣ ከባሰም ጎረቤት ተልኮ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ በየስሙ አጠገብ በእርሳስ ጽፌአለሁ። ናቲ፦ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደውዪ። ሔቨን፦ ነፍሰ ጡር ናት፤ በባሏ በኩል። ይኼ ተሰርዞ «ወለደች» ተብሎ፣ እሱም ተሰርዞ እንደገና «ነፍሰ ጡር» ተብሏል። አበበ፦ ታክሲ ይነዳል፣ ደም ግፊት አለው፤ መኪና ውስጥ ከሆነ ስለ ሌላ ነገር አውሪና ዝጊ። አፑ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ እንዲኖር ብጠይቅ፣ ፕሮዳክት ኦነር፣ ማለትም የሥራው ባለቤት ብለው የሾሙት ኤርሚያስ ባክሎግ ውስጥ ከተትኩት አለኝ። ባክሎግ ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ወደፊት የሚሠራ ሥራ የሚቀመጥበት ነው ተባልኩ። ከገባ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው።

ሦስተኛ፤ ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ስፕሪንት፣ ወሬው ወጥ እንዲሆን በሚል፣ ከአፑ ውጭ ማንም አባል መርዶ እንዳያስተላልፍ ሰርኩላር በተኑ። አፑ ግን አልነበረም። በዚያ መካከል የሞቱት ሦስት ሰዎች በየቤተሰባቸው ስልክ፣ እንደነገሩ ተቀበሩ። ቢያንስ የራሳቸው ቤተሰብ ትልቅ ነበር።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ምስጋና ሊቀር አይገባም። ባለፈው ሰኔ አፑ ለሙከራ ተለቀቀ። ከሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አርባ አንዱ ስልኩ ላይ ጫነው። በዚያው ወር ቶርንተን የምትኖረው ወይዘሮ ፀሐይነሽ አረፈች። ልጆቿ ለእርስዎ ደውለው፣ ወንድሟ አበበ ሥራ ላይ ስለሆነ ቤቱ እስኪገባ እንዲቆይ፣ እኛው ሄደን እናረዳዋለን ብለው ለመኑ። እርስዎም እሺ አሉ። ግን እሺታዎ ኤርሚያስ ጋ አልደረሰም፤ እሱ ቁልፉን ተጫነው። አበበ ሁለት ተሳፋሪ ጭኖ በፔኛ ቡሌቫርድ ወደ ኤርፖርት እየሄደ ነበር። ስልኩ መሪው አጠገብ ተሰክቶ መንገድ ያሳየዋል። ደወሉ ጮኸ፣ ካርታው ጠፋና የእህቱ ፎቶ ከተለኮሰ ሻማ ጋር ወጣ። እንዴት አድርጎ መንገድ ዳር እንዳቆመው ራሱም አያውቅም። ሁለት ስማቸውን የማያውቃቸው ፈረንጆች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውት፣ መኪና ሽው ሽው በሚልበት አስፋልት ዳር አለቀሰ። የአንድ እናት ልጆች ነበሩ እኮ! እነዚያ ሰዎች በረራቸው እንዳመለጣቸው በኋላ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ የእኛን ሥራ የሠሩት እነሱ ናቸው።

አርባ አንዱ ቤት ሻማውን አየ እንጂ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ አፑ አልነገረውም። ቀብሯ ላይ አሥራ አንድ ሰው ቆመ። ሬሳውን ያወረዱትን ሁለቱን የመቃብር ሠራተኞች ቆጥሬ ነው። ፀሐይነሽ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአንድም ቀብር አልቀረችም፤ ትልቁ ድስቷ ያልገባበት ሀዘን ቤት የለም። እኔ የሰማሁት አበበ ራሱ ደውሎልኝ ነው። ስልኬ ላይ ከቤተሰብና ከሥራ ሰው በቀር የእድሩ ሰዎች ቁጥር ስድስት ብቻ ነበር፤ ስድስቱንም ጠራሁ፣ አራቱ መጡ። የቀሩትን ከኮሚቴው ብጠይቅ የአባላት መረጃ ምስጢር ነው ተባልኩ። የራሴን እጅ ጽሑፍ ነው ምስጢር ነው የተባልኩት። አበስኩ ገበርኩ!

አምስተኛ፤ በሳምንቱ ስለተቀመጡት ስብሰባ አመሰግናለሁ። ከስፕሪንት በኋላ ወደ ኋላ እያያችሁ የምትመክሩበት ነው አሉ፤ ቃለ ጉባኤውንም ልካችሁልናል። «ምን ጥሩ ሄደ?» በሚለው ሥር፣ «ኖቲፊኬሽኑ በሦስት ሰከንድ ደረሰ» ይላል። «ምን ይሻሻል?» በሚለው ሥር፣ «የሻማው ሥዕል በአንዳንድ ስልኮች ላይ ይደበዝዛል» ይላል። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። የፀሐይነሽ ስም የትም አልነበረም። ተክለሚካኤል ያኔ ገና ቆሞ ይሄዳል፤ ቀብሩ ላይ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፣ ሰው ስላነሰም ከሚችለው በላይ ተሸክሟል። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አነበበና መልሶ ሰጠኝ።

እንግዲህ መሃይም ሆኜ እንዳልቀር፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ጊዜ መፍጀት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። የእህቴ ልጅ ኑኃሚን ዴንቨር ደቡብ ባለ አንድ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር ትፈትሻለች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ቢያነክስም ጭንቅላቷ አያነክስም። «አክስቴ፣ ዲፔንድ ያደርጋል» ብላ ጀመረች፣ እንደ ሁኔታው ነው ማለቷ ነው፤ እነሱ ሁሉን ነገር እንደዚያ ነው የሚጀምሩት። ግን ስትቀጥል ነገሩ ግልጽ ነበር። ሁለት ሳምንት የሚባለው ሥራውን ለማራዘም ሳይሆን ቶሎ ለማሳጠር የመጣ ነው አለችኝ። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ትንሽም ብትሆን የምትሠራ ነገር ሰው እጅ መግባት አለባት። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ እንቀጥል ወይስ ይበቃል ተብሎ ከልብ ይጠየቃል። በሦስት ወር ውስጥ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ካልወጣ አጃይል አይደለም፣ በቃ የዘገየ ሥራ ነው። አዲሱ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ አሮጌውን ከሰው እጅ የሚነጥቅ የለም። ከዚያ ተጠቃሚው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሟች ነው አልኳት። «ሟች ኮምፕሌን አያደርግም፣ አያማርርም፤ ለዚያ ነው ያላለቀው» አለች።

ስድስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ቀን ባለመቁረጥዎ ነው። አፑ መቼ ያልቃል ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር፣ ፕሮዳክት ሕያው ነገር ስለሆነ አያልቅም፣ እየተሻሻለ ይኖራል ይሉኛል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ቤት ግን የሚያልቅ ነገር አለ። የሆስፒሷ ነርስ ማክሰኞ መጥታ፣ ከእንግዲህ የሚቆጠረው ሳምንት ነው እንጂ ወር አይደለም አለችኝ። ስንት ሳምንት ብላት፣ ከአራት እስከ ስድስት አለች። ቀን መናገር አልፈራችም። ባትነግረኝም አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። እግሩ ከታች እየቀዘቀዘ መጥቷል። ምግብ ለእኔ ደስታ ብሎ ነው የሚቀምሰው። ጣቶቹ የአንሶላውን ጠርዝ ይለቅማሉ፤ ይህን ያየሁባቸው ሰዎች የት እንደሄዱ አውቃለሁ። በእናንተ አቆጣጠር ለባለቤቴ የቀረው ሁለት ቢበዛ ሦስት ስፕሪንት ነው። በሪፖርታችሁ መሠረት ሰማንያኛው ስፕሪንት ላይ ዳርክ ሞድ፣ ማለትም ጥቁር ገጽ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ እኔ ባል አይኖረኝም።

እሱ ሞትን አልፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ትራሱን ሳስተካክል፣ «ጌጤ፣ ስንት ሰው ይመጣል?» አለኝ። ብዙ ሰው ይመጣል አልኩት። ዐይኔን አየና፣ «ለፀሐይነሽም እንደዚያ ብለናት ነበር» አለኝ። እናቴ ድረሽ! እኔ ሰው ሳረዳ የኖርኩ ሴት፣ የተስተካከለውን ትራስ እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ።

ስለዚህ ደብተሬን ፍለጋ ገባሁ። አምስት ጊዜ ጻፍኩልዎ። ሁለቱን አልመለሱም። በሦስተኛው፣ ደብተርና አፕ ጎን ለጎን ከሄዱ መረጃው ሁለት ምንጭ ይኖረዋል አሉኝ። በአራተኛው፣ ጥያቄዎ ለሚቀጥለው ፕላኒንግ፣ ለዕቅድ ስብሰባው ይቀርባል አሉኝ። በአምስተኛው መልስ የጻፉልኝ ባለቤትዎ ናቸው፤ ከአውሮራ ወደ ሴንቴኒያል ቤት ስትቀይሩ ካርቶን ውስጥ ሳይገባ እንዳልቀረ፣ የትኛው ካርቶን እንደሆነ ግን እንደማያውቁ በትሕትና ነገሩኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ሆነ።

ያን ዕለት ለተክለሚካኤል ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ሲያበቃ፣ አዲስ ደብተርና እስክርቢቶ አምጪ አለኝ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ባለቤቴ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ የታክሲ ጥሪ ተቀባይ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ የሰማው ቁጥር ከጭንቅላቱ አይወጣም፣ ሀዘን ቤት ሁሉ እየሄደም አብሮኝ ሲደውል ኖሯል። ሁሉንም ይዞት እንደኖረ ግን በፀሐይነሽ ቀብር ጊዜ ሁለታችንም ሳናስበው ቀረን፤ ይኼ ይቆጨናል። ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። ስም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ቁጥር። ሃያ ያህል ሲል ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ኦክስጅኑን አደርግለታለሁ፤ ይቀጥላል። እኔ እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በእጅጌዬ እየጠረግኩ እጽፋለሁ። ለገዛ ቀብሩ የሚጠሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠራልኝ። በአራት ቀን ጨረሰ። ኑኃሚን ደብተሩን ገልብጣ አየችና፣ «አክስቴ፣ አጃይል ይኼ ነው» አለችኝ።

ሀዘንተኛ ራሷ ደውላ አታረዳም፤ ስለዚህ የምትደውለው ኑኃሚን ናት። ማብሰያ ቤት ቆማ ትለማመዳለች። መጀመሪያ የት ነህ ትላለች፣ መኪና ውስጥ ነህ ወይ ትላለች፣ ተቀመጥ ትላለች፣ ከዚያ የአጎቷን ስም ትጠራለች። እሱ ሳሎን ሆኖ ይሰማታል። ትናንት ድምፁን አጠራቅሞ፣ «ቀስ በይ፤ እንዲህ ከቸኮልሽ ሰው ይደነግጣል» አላት። ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች። ተመልሳ ግን እንደገና ጀመረች፣ ቀስ ብላ።

እንግዲህ ጊዜዎ የከበረ እንደሆነ ስለማውቅ ልመናዬ አጭር ነው። ካርቶኑ ከተገኘ ደብተሬን ይመልሱልኝ፤ ቁጥሩ ቢተካም በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ አልተተካም። ለጉባኤው ደግሞ ይህ ሥራ የሚያልቅበትን አንድ ቀን ይንገሩ፣ ካልሆነም ይበቃል ይበሉ፤ ይበቃል ማለት ነውር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን የባለቤቴ ቀን ሲመጣ አፑ ዝም ይበልልኝ። ሻማም አልፈልግም፣ ደወልም አልፈልግም። ያንን ሰው በሰው አፍ እናነሳዋለን።

ለሦስት ዓመት በአጃይል ደንብ በየጠዋቱ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ በመሰብሰብ ለእድራችን የደከማችሁትን ድካም ፈጣሪ በሚገባ መዝኖ እንዲከፍላችሁ፣ እርስዎንም ረጅም ዕድሜ ሰጥቶ የመጨረሻውን ስፕሪንት በዓይንዎ እንዲያሳይዎ እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ ጠሪ፣ የአሁኗ ባክሎግ፣
ጌጥነሽ
አውሮራ፣ ከተክለሚካኤል አልጋ አጠገብ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ተክለሚካኤል ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቁጥር ነው የነገረኝ። አንድ ጎደለ። የብርሃነመስቀልስ ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ መልሶ ጨፈነና ቀጣዩን ስም ጠራ። የረሳው አይመስለኝም፤ እዚህ አገር ሲገቡ ኤርፖርት የተቀበለዎ፣ የመጀመሪያ ሥራዎንም የፈለገልዎ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ቁጥርዎን ባላውቀውም በአሮጌው ደብተር ላይ ከስምዎ አጠገብ የጻፍኩትን በቃሌ አስታውሳለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ልባቸው ደካማ ነው። በስልክ እንዳትነግሪው። ጠዋት፣ ጫማውን ሳያደርግ፣ ፀሐይነሽንና ተክለሚካኤልን ይዘሽ ሂጂ። ተክለሚካኤል ከፊት ይግባ፤ እሱን ያምናል።» ፀሐይነሽ የለችም። ተክለሚካኤልም ከሰማንያኛው ስፕሪንት አያልፍም። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አዲሱን ቤትዎን አላውቀውም። ስለዚህ ያ ቀን ሲመጣ፣ አያምጣውና፣ እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው የለም። ግን ሐሳብ አይግባዎ፤ በሦስት ሰከንድ ይደርስዎታል።